ከ30 ዓመት በላይ የሆነው ፕሮ ስታፍ 85፦ ልቀጥልበት ወይስ ልተወው?

ስለ አሮጌ የቴኒስ ራኬት መጀመሪያ የምንሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ራኬቱ አይደለም። ስለ ክሩ ነው። ለዓመታት ከተቀመጠበት ወጥቶ ሜዳ ላይ ሲሞከር ኳሱ ወይ አልሄድ ይላል፣ ወይ ልጓም አጥቶ ይበራል። ከዚያ «ይሄ ነገር አብቅቶለታል» ይባላል። ፍሬሙ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። ያለቀው ክሩ ነው። የደረቀው የእጀታው ቆዳ ነው። የተሰነጣጠቀው ፕላስቲኩ ነው።

እኔ አሁን ለወራት የተጫወትኩት በዊልሰን ፕሮ ስታፍ 85 ነው። ከተሠራ 30 ዓመት አልፎታል። ጥያቄዬ አንድ ነበር፤ ልቀጥልበት ወይስ አዲስ ልያዝ? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ራኬቱን ሊፈረድበት ወደሚችልበት ሁኔታ ማምጣት ነበረብኝ። ይህን ሳያደርጉ ጥሩ ፍሬም የሚጥሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ይህን ሳያደርጉ የሚቀጥሉበት ደግሞ የበለጠ ያሳስቡኛል፤ ክርናቸውን ነው የሚጎዱት።

ራኬቱን ለማታውቁት ባጭሩ ላስተዋውቃችሁ። 85 የሚለው ቁጥር የራኬቱን ራስ፣ ማለትም ክር የሚወጠርበትን ክፍል፣ ስፋት በካሬ ኢንች ይናገራል፤ ወደ 548 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ዛሬ በየሜዳው የምናያቸው ራኬቶች አብዛኞቹ ከ98 እስከ 100 ካሬ ኢንች ናቸው። ፍሬሙ ቀጭን ነው፣ 17 ሚሊ ሜትር። የተሠራው ከ80 በመቶ ግራፋይትና (የካርቦን ቃጫ) ከ20 በመቶ ኬቭላር (ጠንካራ ሰው ሠራሽ ቃጫ) ነው። ክር ገብቶበት ሲመዘን ከ350 ግራም ይበልጣል። ክሩ በቁመት 16፣ በአግድም 18 ነው። ከራሱ ግራና ቀኝ ፍሬሙ ትንሽ አበጥ ያለ ነው። እዚያ ጋ ክብደት የተጨመረው ኳስ ከመሃል ወጣ ብሎ ሲመታ ራኬቱ እጅ ውስጥ እንዳይዞር ነው።

ታሪኩ ትልቅ ነው። አሜሪካዊው ተጫዋች ፔት ሳምፕራስ እ.ኤ.አ. በ1990 የመጀመሪያውን ግራንድ ስላም (ከአራቱ ትልልቅ የቴኒስ ውድድሮች አንዱን) ሲያነሳም፣ በ2002 አሥራ አራተኛውንና የመጨረሻውን ሲያነሳም በእጁ የነበረው ይህ ነው። ስቴፋን ኤድበርግና ጂም ኩሪየርም ተጫውተውበታል። በ2001 ዊምብልደን ላይ ወጣቱ ሮጀር ፌደረር ሳምፕራስን ሲያሸንፍ ከመረቡ ወዲህም ወዲያም የነበረው ያው ፕሮ ስታፍ 85 ነው። ፌደረር ከዚያ ወደ 90 ካሬ ኢንች ሄደ፤ በ2014 ደግሞ ወደ 97። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «እሱ እንኳን ከተወው...» ብሎ ይደመድማል። እኔ አልደመድምም። ፌደረር ራኬቱን ያሰፋው ከትከሻ በላይ የሚነጥሩ ከባድ ቶፕስፒን (ወደፊት እየተሽከረከሩ የሚመጡ) ኳሶችን በየሳምንቱ መመለስ ስለነበረበት ነው ብዬ አምናለሁ። ከእኔ ጋር የሚጫወቱ ሰዎች እንደዚያ አይመቱም። የእናንተም ምናልባት አይመቱም።

ወደ ሥራው ልግባ። መጀመሪያ ያደረግኩት አሮጌውን ክር ቆርጦ ማውጣት ነው። ክር ባይጫወቱበትም ይላላል። ተወጥሮ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ውጥረቱን ማጣት ይጀምራል፣ ዝም ብሎ ተሰቅሎም ያጣል። ሲቆረጥ ከመሃል ተጀምሮ አንድ ከቁመቱ አንድ ከአግድሙ እያሉ ወደ ውጭ መሄድ ነው ደንቡ። ቁመቱን በሙሉ አስቀድሞ የቆረጠ ሰው አግድሙ ብቻውን ፍሬሙን እንዲጎትተው ያደርጋል። አሮጌ ፍሬም ይህን እንዲሸከም መጠየቅ ግፍ ነው።

ክሩ ሲወጣ ፍሬሙን በደንብ ለማየት ዕድል ይገኛል። ይህን ምርመራ ቀስ ብዬ፣ ጥሩ ብርሃን ባለበት ነው ያደረግኩት። እናንተም እንደዚያ አድርጉት። በቀለም መላጥና በስንጥቅ መካከል ያለው ልዩነት ሕይወቱን የሚወስነው ነገር ነው። የተላጠ ቀለም ጠርዙ ያልተስተካከለ ነው፤ ጥፍር ሲያልፍበት ወረድ ብሎ ይወጣል፣ በቃ። ስንጥቅ ግን ቀጭን መስመር ነው። ጥፍር ይይዛል። ብዙ ጊዜ በውጭ ታይቶ አያበቃም፣ ወደ ውስጠኛው ጎንም ዞሮ ይቀጥላል። ራሱን በሁለት እጅ ግራና ቀኝ ጫን ለቀቅ ሲያደርጉት መስመሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ከታየ ነገሩ አልቋል። ያ ራኬት ክር ሊወጠርበት አይገባም፤ ማሽኑ ላይ እንዳለ ሊሰበር ይችላል።

የእኔ ራኬት ጫፉ አካባቢ ብዙ ቦታ ተልጧል። ዝቅ ያለ ኳስ ለማንሳት ከሜዳው ጋር የተፋተገበት ነው። አንዱ ጋ ጥቁሩ ግራፋይት ራሱ ይታያል። እዚያ ላይ ጥፍሬን ደጋግሜ አሳለፍኩ። አልያዘም። በውስጥ በኩል ቀለሙ ሙሉ ነው። ከዚያ ፍሬሙን ዙሪያውን በጣት አንጓዬ እያንኳኳሁ አዳመጥኩ። ጤነኛ ፍሬም ዙሪያውን ተቀራራቢ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ ድምፁ ድንገት ይታፈናል ወይም ይንቀጠቀጣል። የእኔ እጀታው ውስጥ ብቻ ነበር የሚንኮሻኮሽ ድምፅ የነበረው። እሱ ደግሞ ከውስጥ የተላቀቀ የደረቀ ሙጫ ወይም ስፖንጅ ቁራጭ ነው። ያስጠላል እንጂ አይጎዳም።

ትልቁ ጣጣ ግሮሜት ነው። ግሮሜት የሚባሉት ክሩ በፍሬሙ ቀዳዳ ሲያልፍ የሚጠብቁት ትናንሽ የፕላስቲክ ቱቦዎች ናቸው። ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ቱቦው ከተሰበረ ክሩ ከግራፋይቱ ጠርዝ ጋር ይፋተጋል። ክሩ በሁለት በሦስት ጨዋታ ይበጠሳል፤ ቀዳዳውም ቀስ በቀስ ይበላል። ለቆዩ ሞዴሎች ደግሞ ሙሉ ግሮሜት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ብዙዎቹ ከተመረቱ ቆይተዋል። ክር የሚወጥርልኝ ሰው ራኬቱን አገላብጦ አየና ዝም አለ።

«ጋሼ፣ ይሆናል?» አልኩት።

«ፍሬሙስ ይሆናል። እኔን የሚያስፈራኝ ግሮሜቱ ነው።»

እሱ የተሰበሩትን አንድ በአንድ አውጥቶ በምትካቸው በልካቸው የተቆረጠ ቀጭን ጠንካራ ቱቦ አስገባ። ክር ወጣሪዎች የሚያውቁት ዘዴ ነው። ጫፍ ላይ ያለው መከላከያ ፕላስቲክ ገና ስለሚይዝ አልነካውም። እስካሁን አንድም ክር በቀዳዳ በኩል አልተበጠሰብኝም። አሮጌ ራኬት ያላችሁ ሰዎች ከሁሉም በፊት ይህን ጠይቁ። ፍሬሙ ጤነኛ ሆኖ ግሮሜቱ መፍትሔ ካጣ፣ ራኬቱ ለግድግዳ ነው የሚሆነው።

እጀታውን እኔው ራሴ ቀየርኩት። ደርቆ የሚንሸራተተውን ቆዳ አውልቄ በአዲስ ቆዳ ጠቀለልኩት። ለምን በለስላሳው ሰው ሠራሽ ግሪፕ እንዳልተካሁት ጓደኞቼ ጠይቀውኛል። ቆዳ ከሰው ሠራሹ ይከብዳል። ይህ ራኬት ደግሞ ሚዛኑ ወደ እጀታው ያጋደለ ስለሆነ ነው ከ350 ግራም በላይ ሆኖ እንኳን መረብ አጠገብ ቶሎ የሚንቀሳቀሰው። ቀላል ግሪፕ ቢደረግበት ሚዛኑ ወደ ራሱ ይሄዳል፤ የሚያውቁት ራኬት ሌላ ይሆናል። ላብ ለሚያስቸግረው ከቆዳው በላይ ስስ ግሪፕ መጠቅለል ይበቃል። እኔም የማደርገው እሱን ነው።

የክር ምርጫ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ አሮጌ ራኬት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ጉስታቮ ኩዌርተን በ1997 በፖሊስተር ክር የፈረንሳይ ኦፕንን ካሸነፈ ወዲህ ፖሊስተር የባለሙያዎቹ ክር ሆነ። አሁን ማንም ሰው ራኬቱን ሲሰጥ «ፖሊ አድርግልኝ» ይላል። በትንሽ ራስ ላይ ግን ይህ አይመከርም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ራሱ ሲያንስ ክሩ ያጥራል፣ አጭር ክር ደግሞ በአንድ ዓይነት ውጥረት ከረጅሙ ይልቅ ይጠነክራል። በ100 ካሬ ኢንች ላይ የሚመች ውጥረት በ85 ላይ ጣውላ ይሆናል። በዚያ ላይ ደረቅ የሆነውን ፖሊስተር ከጨመሩበት ክርን አይተርፍም። ፖሊስተር ደግሞ ቶሎ ይሞታል፤ ውጥረቱ ወርዶም ልስላሴ አያመጣም።

ሳምፕራስ ከከብት አንጀት የሚሠራውን ክር እጅግ አጥብቆ ያስወጥር ነበር። እሱን መከተል አያስፈልግም። እኔ የመረጥኩት ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የሚገመደውን ለስላሳ ክር፣ በ50 ፓውንድ ውጥረት ነው፤ ወደ 22.7 ኪሎ ማለት ነው። ወጣሪው ሰምቶ ደስ አላለውም። ይህ ራኬት ጠበቅ ሲል ነው የሚያምርበት የሚል የቆየ እምነት አለ። ተጫውቼ ስመለስ ግን እዚያው ላይ ነው የጸናሁት። ኳሱ ክሩ ላይ ጥቂት ቆየት ብሎ ይለቃል። ቁጥጥሩም አልጠፋም፤ ትንሽ ራስ ቁጥጥርን በራሱ ይሰጣል።

እንግዲህ አሁን ነው ግምገማው የሚጀምረው።

መረብ አጠገብ ይህን ራኬት የሚያህል አልያዝኩም። ቮሊ (ኳሱ መሬት ሳይነካ የሚመታ ምት) ላይ መወዛወዝ የለም፤ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ክብደቱ ሥራውን ይሠራል። ጠንከር ያለ ኳስ ሲመጣ ቀላል ራኬት ወደ ኋላ ይገፋል፣ አንጓ ያስጨንቃል። ይህ አይነቃነቅም። ፈጣን ሰርቭ (ነጥቡን የሚያስጀምር ምት) ሲመለስበትም እንደዚያው ነው። ራኬቱን አጭር ወደ ኋላ ወስዶ ከፊት መግጠም ይበቃል። ኳሱ ከተጋጣሚው ፍጥነት ተበድሮ ረጅም ይሄዳል።

ስላይስ፣ ማለትም ኳሱን ከስሩ እየቆረጡ መምታት፣ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ባክሃንድ (በእጅ ጀርባ በኩል የሚመታ) ስላይሱ ሜዳውን ከነካ በኋላ አይነሳም። ተጋጣሚ ጉልበቱን አጥፎ ከቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ነው የሚያነሳው። ከክሩ ስር ኳሱ ሲንሸራተት እጅ ላይ ይታወቃል። ኳሱ ከመሃል ግራ ይሁን ቀኝ፣ ከፍ ብሎ ይሁን ዝቅ ብሎ፣ ሳያዩ ያውቁታል። ይህን ያህል በግልጽ የሚናገር ራኬት ከዛሬዎቹ መካከል ማግኘት ከባድ ነው። ለእኔ ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለው ይህ ነው። ጥሩ ስመታ ያመሰግነኛል፣ ስሳሳት ደግሞ የት ጋ እንደሆነ ይነግረኛል።

አሁን ደግሞ የሚከፈለው ዋጋ። ስዊት ስፖቱ፣ ኳስ በደንብ የሚወጣበት የክሩ መሃል፣ ትንሽ ነው። በደንብ ተዘጋጅቶ ለመጣ ሰው ችግር የለበትም። ዘግይቶ ለደረሰ ሰው ግን ይቅርታ አያውቅም። ከመሃል ሁለት ጣት ያህል ወጣ ብሎ የተመታ ኳስ የኋላ መስመር አካባቢ መውደቅ ሲገባው የሰርቭ ሳጥን ውስጥ ይወድቃል። ተጋጣሚም ወደፊት ገብቶ ይጨርሰዋል። ሌላው ከፍ ብሎ ወደ ባክሃንድ የሚመጣ ኳስ ነው። ባክሃንዴ በአንድ እጅ ነው። ከትከሻ በላይ የመጣውን በዚህ ራኬት በቶፕስፒን ለመምታት ብዙ ጉልበትና ትክክለኛ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ወይ ኳሱ ሳይነሳ ፈጥኜ እይዘዋለሁ፣ ወይ በስላይስ እመልሰዋለሁ። ሦስተኛው ሴት (የጨዋታ ዙር) ላይ፣ እግር ሲደክም፣ ሁለቱም ይከብዳሉ።

ለንጽጽር የጓደኛዬን ራኬት ለተወሰኑ ሳምንታት ተውሼ ተጫወትኩ። 100 ካሬ ኢንች ነው፣ ያለ ክር 300 ግራም፣ ፍሬሙ ወፍራምና ጠንካራ። ልዩነቱን ለማወቅ ረጅም ጊዜ አያስፈልግም። በስፋት ብቻ እንኳን 18 በመቶ ያህል ይበልጣል። ፎርሃንዴ፣ በመዳፍ በኩል የምመታው፣ ወዲያው ረዘመ። ቶፕስፒኑ ጨመረ። ዘግይቼ የደረስኩባቸው ኳሶች እንደምንም መረቡን አልፈው በቂ ርቀት ሄዱ። ሁለተኛ ሰርቬ ከፍ ብሎ የሚነጥር ሆነ። ከኋላ መስመር ሆኖ ነጠላ ለሚጫወት ሰው፣ በተለይ ገና ለሚማር፣ ምርጫው ይህ ነው። ማንም ጀማሪ 85 ካሬ ኢንች ይዞ እንዲሠቃይ አልመክርም። ውበቱን ሳያይ ቴኒሱን ይጠላል።

ቮሊ ላይ ግን ጠፋሁ። ኳሱ ከክሩ ላይ ፈንጥሮ ይወጣል፣ የት እንደነካ አይታወቅም። ሌላም ነገር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ የክርኔ ውጫዊ ጎን መቆርቆር ጀመረ። በአሮጌው ራኬት ይህ አልነበረም። ቀላልና ጠንካራ ፍሬም የኳሱን ምት ራሱ አይውጠውም፤ ወደ ክንድ ያስተላልፈዋል። ከባድ ራኬት ግን ትልቁን ድርሻ በክብደቱ ይይዛል። ክሩ መካከል የሚሰካው ትንሽ ጎማ ይህን አይፈታም። እሱ ድምፁን ነው የሚያፍነው፤ ክንድ ላይ የሚደርሰውን ምት አይቀንስም። ይህን የምለው ብዙ ሰው ጎማ ሰክቶ ክርኑን የተከላከለ ስለሚመስለው ነው።

«ግራፋይት በጊዜ ብዛት አይሞትም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ፍሬም በመቀመጥ ብዙም አይጎዳም። የሚያደክመው በላዩ የተመታው ኳስና በተደጋጋሚ ክር መወጠሩ ነው። በየቀኑ ለሰዓታት የሚመታ ባለሙያ ፍሬሙ ቶሎ ይለሰልስበታል። በሳምንት ሁለት ቀን የሚጫወት ሰው እጅ ውስጥ የኖረ ፍሬም ሌላ ታሪክ ነው። የለሰለሰ ፍሬም ምልክት አለው። አዲስ ክር ከገባበት በኋላ እንኳን ኳሱ ደንዝዞ ይወጣል፣ እጀታውና ራሱ መካከል ያለው አንገት ሲመታ የሚወላለቅ ይመስላል። ጥሩ መሣሪያ ያለው ወጣሪ የፍሬሙን ጥንካሬ ሊለካው ይችላል፤ በተለይ ሁለት ተመሳሳይ ራኬት ያለው ሰው ልዩነቱን በቁጥር ያያል። የእኔ በስሜት ደረጃ ጥርት ያለ ነው። መረብ አጠገብ ያለው ድምፁ ብቻውን ይበቃኛል።

በውድድር ይፈቀዳል ወይ ለምትሉ፣ ይፈቀዳል። የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ደንብ የሚገድበው ከላይ ነው፤ ርዝመቱ ከ73.7 ሴንቲ ሜትር፣ የሚመታበት ገጽ ደግሞ በቁመት ከ39.4፣ በወርድ ከ29.2 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ። የእኔ ራኬት ከዚህ ሁሉ በታች ነው። ያኒክ ኖህ በ1983 የፈረንሳይ ኦፕንን ያሸነፈበት የእንጨት ራኬት እንኳን ዛሬ ይዞ ቢገባ ማንም በልኩ አያግደውም።

ውሳኔዬ እቀጥልበታለሁ ነው። ግን ከነምክንያቱ። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምጫወተው በጥንድ ነው፣ ወደ መረብ መሄድ እወዳለሁ፣ ባክሃንዴን በስላይስ ነው የምኖረው። ይህ ራኬት የተሠራው ለዚያ ጨዋታ ነው። ጨዋታዬ ከኋላ መስመር ሆኖ ቶፕስፒን መምታት ቢሆን ኖሮ፣ ፍሬሙ አዲስ ከፋብሪካ የወጣ ቢሆንም እንኳን እተወው ነበር። የራኬት ዕድሜ ብቻውን ምንም አይወስንም። ፍሬሙ ጤነኛ ነው? ግሮሜቱ ይያዛል? እኔስ የምጫወተው እሱ የሚፈልገውን ጨዋታ ነው? ሦስቱም አዎ ከሆኑ መተው አይገባም።

የማቆምበትንም ቀን ከወዲሁ አውቀዋለሁ። ጥፍሬ አንድ መስመር ላይ ከያዘ፣ ያን ቀን ነው። ክርኔ ወይም ትከሻዬ ማስታወቅ ከጀመረና ክሩን አላልቼም ካልተወኝ፣ በማግስቱ አላነሳውም። ከባድ ራኬት ክርንን ያሳርፋል፣ ትከሻን ግን ይፈትናል። ረጅም ጨዋታ ላይ ሰርቬ መውረድ ሲጀምር ኃይሌ እንጂ ራኬቱ እንዳልቀነሰ አውቃለሁ፤ ለትከሻ ስፖርት እሠራለሁ፣ ካልሠራሁ ይህን ክብደት መያዝ የለብኝም።

አሁን የምፈልገው ሁለተኛ ተመሳሳይ ፍሬም ነው። ክር ጨዋታ መሃል ሲበጠስ ከ85 ወደ 100 መዝለል እጅን ግራ ያጋባል። ያገለገለ ለመግዛት ስትወጡ ፎቶ ብቻ አይታችሁ አትስማሙ። የራሱን ጫፍ ከመከላከያው ስር፣ አንገቱን በሁለቱም በኩል፣ የቀዳዳዎቹን ዙሪያ በቅርብ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ሚዛን ላይ አስቀምጡት። የዚያ ዘመን ራኬቶች አንድ ሞዴል ሆነው በክብደት ጥቂት ግራም ይለያያሉ፤ ቀለል ያለውን በእርሳስ ቴፕ ማስተካከል ይቻላል፣ ከበድ ያለውን ግን መቀነስ አይቻልም። ስለዚህ ቀላሉን ግዙ። ክር ያለበት ከሆነም ክሩን ከዋጋው ውስጥ አትቁጠሩት፣ በመጀመሪያው ቀን ከመሃል ጀምራችሁ ቁረጡት።